በልክ የተሰፋ ኮት

መስከረም 21

እታለም፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? መድኃኒቱን በሰዓቱ ትወስጃለሽ ወይስ እንደ ነርስ ሁሉ ለሌላው ብቻ ነው የምታዢው?

ስልክ የማላነሳው ተቀይሜሽ አይደለም። ስልክ ላይ ትጮኺብኛለሽ፤ ወረቀት ላይ መጮህ አይቻልም። የምትጠይቂኝን ሁሉ በደብዳቤ ወይም በባለቤቴ በኩል ጠይቂኝ፤ በጽሑፍ እመልሳለሁ።

የሰማሽው እውነት ነው። ማን እንደነገረሽም አውቃለሁ፤ ባለቤቴ ምስጢር የምትጠብቀው እስኪነጋ ብቻ ነው። ቢሮው ከሌላ ቢሮ ጋር ተዋሐደ፤ ሁለት ቀያሽ አያስፈልግም ተባለ፤ ከሁለታችን ዕድሜው የገፋው እኔ ሆንኩ። በዚያ ላይ ማኅደሬ ውስጥ «ባሕርዩ ያስቸግራል» የሚል ማስታወሻ ነበረ አሉ። የእኔ ባሕርይ የሚያስቸግረው ሰው አጥሩን በጎረቤቱ መሬት ላይ ሊተክል ሲመጣ ብቻ ነው። ይሁን። ሲሸኙኝ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል።

የስፌቱም ወሬ እውነት ነው። አትሳቂ። ዕብድ መሰልኩሽ እንዴ? ማሠልጠኛው ከዳቦ ቤት በላይ ያለ ረጅም ክፍል ነው። መስኮቶቹ አይከፈቱም። ከታች የሚወጣው የዳቦ ሽታና የካውያው እንፋሎት አንድ ላይ ሆኖ ቀትር ላይ ራስ ያዞራል። ተማሪዎቹ ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ልጃገረዶች ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ስገባ ሁሉም ብድግ አሉ፤ መምህሩ መስያቸው ነው። መምህሩ ቆይቶ መጣ፤ ማስቲካ የሚያኝክ ጎረምሳ። «ጋሼ፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?» አለኝ። «ራሴን ነው» አልኩት። ማስቲካውን ዋጠው መሰለኝ፤ የዚያን ቀን ሲያኝክ ደግሜ አላየሁትም።

ለምን ስፌት እንደሆነ ጠይቀሻል። ዕድሜዬን ሙሉ ስብሰባ ላይ ስቀመጥ ንግግር ሰምቼ አላውቅም፤ የማየው የተናጋሪውን ኮት ነበር። ትከሻው የወደቀ፣ እጅጌው መዳፍ የዋጠ፣ ጀርባው ላይ እንደ ከረጢት የተነፋ። እንዲህ ያለ ልብስ ለብሶ ስለ ጥራት የሚያወራ ሰው ያናድደኛል። መሬት ስለካ የኖርኩ ሰው አካል መለካት አያቅተኝም ብዬ አሰብኩ። መንገዳችን ጥግ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት የነበረ አንድ ክፍል ተዘግቷል። እዚያ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ አንድ መስታወት፣ የራሴ በር። ይህን ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት በግማሽ ነው፤ ሙሉውን የሰማሽው አንቺ ነሽ።

ለዘመድ አዝማድ ግን አንድም ቃል አይውጣ። ከጠየቁ «አርፏል» በያቸው። ቆይ፣ እንዲያ ካልሻቸው ለቀብር ይመጣሉ። «ጡረታ ወጣ» በያቸው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 11

ማሙሽዬ፣

ስቄያለሁ። ሻዬን ደፍቼ፣ ጠረጴዛውን ጠርጌ፣ ደብዳቤህን እንደገና ከላይ ጀመርኩት።

ጉልበቴ እንዳለ ነው። መድኃኒቱን እወስዳለሁ፤ ሳስታውስ።

የለም፣ ዕብድ አልመሰልከኝም። ይህን ጥያቄ እንዲያ በቁጣ መጻፍህ ግን ገረመኝ። አንተ ስትፈራ ትቆጣለህ፣ ስትደክምም ትቆጣለህ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ የቱ እንደሆነ ለይቼ አላውቅም። «ካረጁ አይበጁ» የሚሉህ ይኖራሉ። እኔ ስንት ዘመን አዋላጅ ሆኛለሁ፤ ዘግይቶ የመጣ ሁሉ ሞቶ አልመጣም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ልጄ ጥር ላይ ሊያገባ ነው። ልጅቷን ታውቃታለህ፤ ያቺ ፋርማሲ የምትሠራው፣ ረጋ ያለችው። የሙሽራውን ሙሉ ልብስ አንተ ትሰፋለህ። ነገርኩህ፣ አበቃ። መማር ማለት የተማሪ ጨርቅ ሲቀድዱ መኖር አይደለም፤ አንድ ቀን የሰው ልብስ መስፋት አለብህ፤ ያ ሰው ደግሞ የእህትህ ልጅ ቢሆን ምን አለበት?

ልጁ ምን አለ እንደምትለኝ አውቃለሁ። እሺ ብሏል።

ልኩን በሌላው ወረቀት ጽፌልሃለሁ። የለካሁት በራሴ እጅ ነው።

እታለም


ኅዳር 6

እታለም፣

ሰላምታዬ ለቤቱ ሁሉ ይድረስ። ለሙሽሪትም።

አዎ፣ ልኩ ደርሶኛል። አዎ፣ ጨርቁም ተገዝቷል፤ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙን የመረጠችው ባለቤቴ ናት፤ ለእኔ ቢሆን ግራጫ ነበር። አይ፣ አልጀመርኩም። የላክሽውን ልክ ይዞ መቀስ የሚያነሳ ሰው ካለ አሳዪኝ። ደረቱን ስትለኪ ከሸሚዝ በላይ ነው ወይስ ከሹራብ? እጅጌውን የጀመርሽው ከአንገት ነው ወይስ ከትከሻ ጫፍ? ሜትሩስ የየት ነው? ያ ሕፃናት ስትለኪበት የኖርሽው ከሆነ ጫፉ ተበልቷል፤ እኔ አስታውሰዋለሁ።

ስለዚህ እንደገና ለኪው። አዲስ ሜትር ግዢ። ልጁ ስስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ፣ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ሳይንቀሳቀስ ይቁም። የሰው ሥዕል ሥዬ ልኬልሻለሁ፤ ከየት ተነሥተሽ የት እንደምታበቂ በቀይ ምልክት አድርጌያለሁ።

መምህሩ በዚህ ጉዳይ አስቆጥቶኛል። «ጋሼ፣ ልኩ ላይ ጨመር ያድርጉ» ይላል። «ምን ያህል?» ስለው «እንደ ዓይንዎ» ይለኛል። እንደ ዓይን! አገር ሁሉ የተጣመመው በዓይን ግምት ነው። እኔ በዓይን ግምት አንድ ችካል ተክዬ አላውቅም። ልክ ልክ ነው፤ ጨመር የሚያደርገው የለካውን የማያምን ሰው ነው።

ትምህርቱ እንዴት ነው ላልሽው፣ መጥፎ ነው። የመጀመሪያው ሱሪዬ ሁለቱም እግሩ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ሆኖ ወጣ። አጠገቤ የምትቀመጠው አፈ ጮሌ ልጅ አንሥታ አየችውና «ጋሼ፣ ይሄማ ለሰልፍ ነው፤ ወደ ቀኝ ዙር!» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞክሬ አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲያ የሠራኋቸው ሦስቱ ሱሪዎች ግን ይለበሳሉ፤ ኮትም አንድ ጨርሻለሁ፤ ለልምምድ በራሴ ልክ ነው የሰፋሁት፤ መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው ነውር አላገኘሁበትም።

«ምኑ ነው የከበደህ?» ብለሻል። መርፌው አይደለም፤ ጣቴ ለምዶታል። ወገቤም አይደለም። የከበደኝ በዚህ ዕድሜዬ እጄን አውጥቼ «አልገባኝም፣ ድገመው» ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ሲደገም አለመግባቱ። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ «ዛሬስ?» ትለኛለች፤ «ደህና» እላለሁ፤ እሷም እራት ታቀርባለች።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2

ማሙሽዬ፣

ልኩ ይኸው። አዲስ ሜትር ገዝቻለሁ። ሥዕልህን ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ልጁን እንደ ግንድ አቁሜ ለክቼዋለሁ። ትንፋሹን እንኳ አስይዤዋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ለኪ እንዳትለኝ፤ እሱም እኔም ሰልችቶናል።

ልጁ ስለ ልብሱ ምን አለ ላልከኝ፣ ምንም አላለም። ሥራ በዝቶበታል። አዳራሹ፣ መኪናው፣ የሙሽሪት ወገኖች፣ ሁሉም በእሱ ላይ ነው። ሰው ሥራ ሲበዛበት ዝም ይላል።

እግሬ ሰሞኑን አብጦ ነበር፤ አሁን ደህና ነው። አትጻፍልኝ፣ ስፋ።

እታለም


ታኅሣሥ 28

እታለም፣

ይህን ደብዳቤና ልብሱን የያዘው የአውቶቡስ ሾፌር የማምነው ሰው ነው። ልብሱን ከመስቀያው ሳያወርድ ይዞት እንዲመጣ ተስማምተናል። ስትቀበዪው እንዳታጥፊው።

ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ሰውነቴ ከስቷል። ኮቱን ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሁለት ጊዜ ሰፍቼዋለሁ። ኮሌታውን በእጄ ነው የሠራሁት፤ ገበሩን ገልብጠሽ ብታዪው የውስጡ ስፌት ከውጪው አያንስም። መምህሩ ዙሪያውን ዞሮ አየውና «ጋሼ፣ ጠበብ አላለም?» አለ። ሜትሩን ሰጠሁት። ለካ። ከጻፍሽልኝ ቁጥር ጋር አንድ ነው። ሜትሩን ጠቅልሎ መለሰልኝ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የድሮ አለቃዬ አስጠርቶኝ ነበር። መዝገብ ቤት ውስጥ በኮንትራት የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋሉ። የድሮ ካርታዎችን በየቦታቸው ማስገባት፣ ማኅተም ማድረግ፣ መቀመጥ። ያ የጥጉ ክፍል ባለቤት ደግሞ ቁልፉን እስከ ሰርጉ ትጠብቅልኛለች፤ ከዚያ በኋላ ለሞባይል ጠጋኝ ትሰጠዋለች። ሁለቱም መልስ ይፈልጋሉ፤ ለሁለቱም «ከሰርጉ በኋላ» ብያለሁ።

ነገሩ ይህ ነው። ልጅሽ ይህን ልብስ ለብሶ ቀኑን ሙሉ ከዋለበት ክፍሉን እይዛለሁ። ካልዋለበት መዝገብ ቤት እገባለሁ፤ ስፌት የሚባል ነገርም ደግሞ አይነሣም። ስለዚህ እውነቱን ጻፊልኝ። ማዘን የለም፣ ማባበል የለም።

እንደማልመጣ ባለቤቴ ነግራሻለች። ምክንያቱ እሷ ያለችሽ ነው፤ ፈተና አለኝ።

ወንድምሽ


ጥር 24

ወንድሜ፣

ደስ የሚል ሰርግ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ዋለ። ዝናብ ይመጣል ብለን ፈርተን ነበር፤ ደመናው ዞሮ ዞሮ ሄደ። ማይክሮፎኑ ሁለቴ ተበላሽቶ የሙሽሪት አጎት ያለ ማይክሮፎን ተናገረ፤ ድምፁ ግን ለሁለት አዳራሽ ይበቃ ነበር። ሙሽሪት አምራለች። ልጄም አምሮበት ነበር። እኔም ጉልበቴን ረስቼ ጨፍሬያለሁ፤ አሁን እየከፈልኩበት ነው።

ሁሉም ሰው አንተን ጠየቀኝ። ፈተና አለው አልኩ። «በዚህ ዕድሜው?» አሉኝ። «በዚህ ዕድሜው» አልኩ። አፌ አመለጠኝና ይኸው ዘመድ ሁሉ አወቀ፤ ይቅርታ።

ፎቶ ልኬልሃለሁ።

እታለም


የካቲት 1

እታለም፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ዝናብ አለ፣ ማይክሮፎን አለ፣ የሙሽሪት አጎት አለ። ኮት የለም።

ፎቶውን ተቀብያለሁ። መስኮት ጋ ወስጄ አየሁት። ያ ኮሌታ የእኔ አይደለም። ያ ኮሌታ በካውያና በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ገና አንድ ጊዜ ሳይታጠብ ጫፉ ተነሥቷል። ማዘን የለም፣ ማባበል የለም ብዬሽ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ከሚዋሹኝ ሰዎች መካከል አንቺ ትኖሪያለሽ ብዬ አላሰብኩም። ደግሞ ውሸትሽ እንኳ በልክ አይደለም። «አምሮበት ነበር!» በምን?

አለቃዬ ትናንት ደውሏል። የክፍሉ ባለቤትም ቤት ድረስ መጥታለች። ሁለቱንም ትንሽ ታገሡኝ አልኩ፤ ለምን ብለው አልጠየቁኝም፤ ድምፄን ሰምተው ይሆናል። ማሠልጠኛውም መሄድ ካቆምኩ ሰንብቻለሁ። ምን ሆነ? ይህን ብቻ ጻፊ። ሰላምታም አልፈልግም።

ወንድምሽ


የካቲት 9

ማሙሽ፣

ሰላምታ አልፈልግም ብለሃልና ይኸው ያለ ሰላምታ።

ጠዋት ለበሰው። እኛ ሁሉ ከበን ቆምን። እውነቴን ነው፣ ያን ያህል የሚያምር ልብስ በልጄ ላይ አይቼ አላውቅም። የተቀባ ነው የሚመስለው እንጂ የተሰፋ አይመስልም። ሐውልት ነው ያከለው። ሚዜዎቹ አጨበጨቡ። እኔ አለቀስኩ። ከዚያ መኪናው መጣ፤ ሊገባ ጎንበስ አለ፤ አልቻለም። «ቀስ በል» አልነው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ጀርባው ከኮሌታው ሥር እስከ ወገቡ ድረስ ተተረተረ። ድምፁ ደጅ ድረስ ተሰማ። ሚዜዎቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ወደ ቤት ተመለሰና ሌላ ልብስ ለብሶ ወጣ።

ሌላው ልብስ ከየት መጣ እንደምትል አውቃለሁ። ገዝቶ ቁምሳጥን ውስጥ ሰቅሎት ነበር። እኔም አውቅ ነበር። እሺ ብሏል ያልኩህ ጊዜ እሺ አላለም፤ ዝም ነው ያለው። እናት ደግሞ ዝምታን እንደፈለገች ትፈታዋለች። ግን ይህንንም ስማ፤ የዚያን ቀን ጠዋት ማንም ሳያስገድደው አስቀድሞ የለበሰው ያንተን ነው።

የማን ጥፋት ነው ብለህ ሌሊቱን ስትቆጥር እንዳታድር። እኔ ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ ትንፋሹን አስይዤ ለካሁት። አንተ እንደዚያው ሰፋኸው። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ «ልጁ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ሰው ያቅፋል» ብለን አላሰብንም። እኔ ደግሞ ስንት ዘመን የሰው ደረት ሲወጣና ሲወርድ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኛ ሁለቱንም ሆነናል።

ምን ላድርግ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ምጥ የያዛትን ሴት «ግፊ» እላታለሁ፤ ስለ እሷ ልገፋላት ግን አልችልም። ውሳኔህን በልጄ ጀርባ ላይ መጫንህ ግን ከጅምሩ ልክ አልነበረም። ልጁ የሚያገባበት ቀን ነበር እንጂ አንተ የምትፈተንበት አልነበረም።

ተቆጥተሃል። እኔም ተቆጥቻለሁ። ጻፍልኝ።

እታለም


መጋቢት 14

እታለም፣

እንደምን አለሽ? ሰላምታውን መልሻለሁ። እግርሽን ሐኪም ዘንድ ሂጂና አሳዪ፤ አዋላጅ የእግር ሐኪም አይደለም።

የዘገየሁት ስለተቀየምኩ ነው። ለመቀየምም ጊዜ ያስፈልጋል። ደብዳቤሽን ባነበብኩ ማግስት አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። ላናድድሽ አልነበረም፤ ልፈርምና ልገላገል ነበር። መዝገብ ቤቱን አሳየኝ። ክፍሉ ደህና ነው፤ መስኮት አለው፤ ሻይ በሰዓቱ ይመጣል። «ቁጭ በል እንጂ» አለኝና እሱም ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ የኮቱን ቁልፍ ፈታ። ሳያስበው ነው የፈታው። እኔም ስቀመጥ እጄ ወደ ቁልፌ ሄዶ አገኘሁት። የለበስኩት ያ ለልምምድ የሰፋሁት ኮት ነው። ለካ ስለብሰው ሁሌም ቆሜ ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ቆሜ ነው የምሄደው። የሰው ኮት ስተች ስኖር ግን ኮቱን እንጂ የለበሰው ሰው ምን እንደሚያደርግ አይቼ አላውቅም።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። አለቃዬ «ሌላ ቦታ አገኘህ?» አለኝ። «አላገኘሁም» አልኩትና ወጣሁ።

ድፍረት ከየት መጣ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ድፍረት አይደለም። መፍራት ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ደክሞኛል። መስከረም ላይ የፈራሁት ሁሉ ደርሶ አየሁት። ዘመድ አወቀ፣ ልብሱ ተቀደደ፣ ሚዜ ሳቀ። በማግስቱ ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ባለቤቴ ዳቦ ግዛ አለችኝ፤ ገዛሁ። ሌላ ምንም አልመጣም።

ቁልፉን ተቀብያለሁ። ሞባይል ጠጋኙ ቀድሞኝ ነበር፤ የክፍሉ ባለቤት ግን በጣውላ ለሁለት ከፈለችልን፤ የእኔ ግማሹ ነው፤ መስታወቱን የምሰቅልበት ግድግዳ የእሱ ሆነ። በጣውላው በኩል ቀኑን ሙሉ የስልክ ጥሪ እሰማለሁ። ማሠልጠኛውም ተመልሻለሁ፤ ግማሽ ቀን። መምህሩን «ያ ጨመር የምትለውን እስቲ ከመጀመሪያው ድገምልኝ» አልኩት። አልሳቀም፤ ደገመልኝ። ገና በደንብ አልገባኝም።

አዲስ ኮት ለጊዜው አልሰፋም። በሬ ላይ «ማስፋትና ማሳጠር» ብዬ ጽፌያለሁ፤ አብዛኛው የሚመጣው የጠበበ ልብስ ለማስፋት ነው። የመጣውን ሰው ሁሉ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ አስነሣዋለሁ፣ የጫማውን ክር አሳስረዋለሁ፣ ከዚያ ነው የምለካው። ትናንት አንዱ ወፍራም ሰውዬ «ሐኪም ቤት ነው እንዴ የመጣሁት? ሸሚዜንም ላውልቅ?» አለኝ። ሱሪውን ወስዷል፤ ተመልሶም አልመጣም፤ ይህ ጥሩ ምልክት ይሁን መጥፎ አላውቅም። ከሰኞ ወዲህ ደግሞ በሬን የረገጠ ሰው የለም። ይህንንም ጻፍልኝ ስላልሽ ጻፍኩት።

ስለ ልጅሽ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አልተቀየምኩትም። እኔም ብሆን ሌላ ገዝቼ እሰቅል ነበር። ያንን ኮት ግን አትላኪልኝ፤ እንዳትሰፊውም። ጨርቁ ለሌላ ነገር ይሁን።

ፎቶውን ግን እንደገና አየሁት። የገዛው ኮት ብብቱ ሥር ይዞታል፤ ቁልፉ ጋም ወዲህና ወዲያ ተስቧል። ቀኑን ሙሉ ታግሦት ነው የዋለው፤ ክንዱን ወደ ጎን የያዘው ለሙሽሪት ብሎ እንዳይመስልሽ። ንገሪው። ኮቱን ይዞ ይምጣ፤ በሾፌር አይላክ፤ ተቀምጦ ነው የምለካው። አሰፋለታለሁ።

በነፃ ግን አይደለም። ሱቅ ነው።

ወንድምሽ